ከሰማይ ከወረዱ በኋላ

ወጣቶች ሆይ፤ በደብረ ታቦር ሳስተምር፣ ስለ ጀግና ጻፉ ባልኋቸው ጊዜ ተማሪዎቼ አብዝተው የሚጽፉት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስና በጋፋት ስለ ተሠራው ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ነበር። የመድፉን ግዝፈት ያደንቃሉ፤ ያን ብረት በገደል በሸለቆ እስከ መቅደላ ስለ ጎተተው ሕዝብ ትከሻ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ስለ አብራሪው ስለ ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራም ሲነገር እንዲሁ ነው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን በገባ ጊዜ፣ በኤፍ 5 እየበረሩ የጠላትን ሚግ አውሮፕላኖች ከጣሉት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ሚግ 21 ከኤፍ 5 ይልቅ ፈጣን ነውና፣ ድሉ የሥልጠናና የልብ ጽናት ፍሬ መሆኑን ልብ ይሏል። ይህን ታሪክ ልጅ ሁሉ ይወደዋል፤ እኔም እወደዋለሁ።

ይሁን እንጂ የእሳቸው የአየር ውጊያ ከወራት አላለፈም። አውሮፕላናቸው ተመትቶ ወረዱ፤ ተማረኩ፤ በሶማሊያ እስር ቤትም 11 ዓመት ያህል ቆዩ። በተማረኩበት ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ ሕፃን፣ እሳቸው ሲፈቱ ዐሥራ አንደኛውን ጨርሷል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የዮሴፍን ታሪክ ስንማር፣ መምህራኑ በፈርዖን ፊት ወደ ቆመበት ቀን ያጣድፉን ነበር፤ የጠጅ አሳላፊው ረስቶት በወህኒ የቆየበት ሁለት ዓመት በአንድ ትንፋሽ ያልፋል። አውሮፕላን የሌለው፣ ጓድ የማያየው አብራሪ በየማለዳው ተነሥቶ ፊቱን ሲታጠብ ማን ይመሰክርለታል?

ጅግጅጋ የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱም ወዲያው አበቃ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 የወጣው የጄኔቫ ስምምነት ውጊያ ሲያበቃ ምርኮኛ ሳይዘገይ ወደ አገሩ ይመለስ ይላል። ሁለቱ መንግሥታት ግን የተስማሙት በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ሁለቱም በአገር ውስጥ ጦርነት ተጨንቀው፣ በድንበር ያቆሙት ሠራዊት ለሌላ ግንባር ባስፈለጋቸው ጊዜ። በእኛም እጅ ብዙ የሶማሊያ ምርኮኞች ያንኑ ዘመን ያህል ተቀምጠዋል። ይህን መናገር አገርን ማሳነስ አይመስለኝም፤ በሞቃዲሾ በኩልም በር በርን እያየች የምትጠብቅ እናት ነበረችና።