«የቀሩትስ?»

አባቴን ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ የወሰድኳቸው በ2008 ዓ.ም. ጥር ወር ነበር። የወገብና የጉልበት ሕመም እግር ተወርች አስሮ ቢይዛቸው፣ ከደብረ ታቦር ብርድ ወርደን ሁለት ሱባዔ ልንቀመጥ ተስማማን። ተስማማን ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኮሌጅ ሳለሁ ጌታን ከተቀበልኩ ጀምሮ ሰባት ዓመት ሙሉ አባቴ ከእኔ ጋር በአንድ ገበታ ቆርሰው አያውቁም። ቤት ስገባ ሰላም ይሉኛል፤ ምግብ ሲቀርብ ግን የእኔ ለብቻው ይመጣል።

ከመነሳታችን በፊት ሦስት ቀን ጾምኩ። ጸሎቴ አንድ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ አባቴን በእኔ እጅ ፈውስልኝ።» «በእኔ እጅ» የሚለውን ልብ በሉት። ጤናቸውን ከልቤ እሻ ነበር። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ የእኔ መንገድ ትክክል መሆኑን እንዲያይልኝም እሻ ነበር።

ቀን ቀን ደግፌ ወደ ውሃው አወርዳቸዋለሁ። ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ በቃሬዛ የመጣው ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። ማታ ማታ በተከራየናት ጎጆ ኩራዝ አብርተን ዝም ብለን እንቀመጣለን። በአምስተኛው ማታ አባቴ፣ «እስኪ ያን መጽሐፍህን አንብብልኝ፤ ዝምታው ሰለቸኝ» አሉኝ።

ያለንበትን ቦታ አስቤ ዮሐንስ ምዕራፍ 5ን ገለጥኩ። በመጠመቂያው አጠገብ 38 ዓመት የታመመው ሰው ታሪክ ነው። አባቴ ጆሯቸውን ሰጥተው ሰሙ። ሰውየው አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ ፊታቸው ፈካ። ጥቂት ቆይተው ግን፣ «የቀሩትስ?» አሉ።

«የትኞቹ አባዬ?»

«ብዙ ሕመምተኛ ተኝቶ ነበር ብለህ አነበብህልኝ እኮ። የዳነው አንድ ነው። የቀሩትስ?»

ያኔ በወጣቶች ኅብረት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራ ነበር። ለብዙ ጥያቄ መልስ ነበረኝ፤ ለዚህ ግን አጣሁ። «አላውቅም አባዬ» አልኳቸው።

አባቴ ሳቁ። «አንተ የማታውቀው ነገር ያለም አይመስለኝ ነበር» አሉኝ። በማግስቱ ምሳ ላይ ከፊታቸው ካለው እንጀራ ቆርሰው፣ ጠቅልለው አጎረሱኝ። ሰባት ዓመት የተከራከርኩበት በር በአንድ «አላውቅም» ተከፈተ።

አባቴ ግን አልዳኑም። ሁለቱ ሱባዔ አለቀ፤ ሕመሙን ይዘን ተመለስን። በዓመቱ ሚያዝያ ላይ አረፉ። የእኔን መንገድ ተቀበሉ ብዬ ልነግራችሁ አልችልም። እስከ መጨረሻው ሳምንት ግን፣ ማታ ማታ «አንብብልኝ» ይሉኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ «ያ ሁሉ ጾም ምን ሆነ?» እያልኩ ስብሰለሰል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ እንዴት እንደመጣ የሚተርክ ታሪክ አነበብኩ። አቡ ሩሚ የሚባል የጎጃም ሰው በካይሮ ታሞ ተቸግሮ ሳለ፣ አስሊን የተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ባለሥልጣን አስታመመው። ካገገመ በኋላ ሁለቱ አሥር ዓመት ያህል፣ ማክሰኞና ቅዳሜ እየተቀመጡ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ መለሱ። የእጅ ጽሑፉ ከ9,500 ገጽ በላይ ነበር። አቡ ሩሚ ግን እዚያው ካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። ወንጌላቱ የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ነው። እርሱ አንዱንም ታትሞ አላየም።

ዛሬ የምናነበው ሌላ ትርጉም ነው፤ ታትሞ የወጣው የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን የእርሱ ድካም ፍሬ ነበር። ባዕድ አገር ታሞ የተኛ ሰው ሕመሙ ወዴት እንደሚያደርሰው በምን ያውቃል? አቡ ሩሚ ከአልጋው ተነሣ፤ አባቴ አልተነሡም። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሁለቱንም የያዘው እጅ አንድ መሆኑን ግን አምናለሁ።

ወጣት ወገኖቼ፣ ባለፉት ዓመታት በክልላችን ትምህርት ቤት የተዘጋባችሁ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ያመለጣችሁ ብዙ ናችሁ። «የእግዚአብሔር ጊዜ ገና ነው» ብዬ ቶሎ ላጽናናችሁ አልደፍርም፤ ቃሉ እውነት ቢሆንም፣ በሌላው ቁስል ላይ መወርወር ይቀላል። ከራሴ የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ። እኔ የለመንኩት በሰው ፊት አሸናፊ የሚያደርገኝን ፈውስ ነበር። እርሱ የሰጠኝ አባቴን ነው፤ ለአሥራ አምስት ወር ብቻ፣ ግን በአንድ ገበታ። ልለምነው እንኳ አላሰብኩትም ነበር።

የአባቴን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዤ እጸልያለሁ። እስከዚያው ግን ያ የታመመ ሰው ለጌታ የተናገረውን አልረሳም፤ ወደ ውሃው የሚያስገባኝ ሰው የለኝም ነበር ያለው። በአጠገባችን ተራውን የሚጠብቅ ካለ፣ ጊዜው የጌታ ነው፤ ደግፎ ማውረዱን ግን እኛም እንችላለን።