ዝም ያልንበት መስመር

ልደታ ፍርድ ቤት በኩል የሚመላለስ ሰው ያውቀዋል። ከአጥሩ ውጭ ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ማኅተም ቀራጩና የጠበቃ ቢሮ ታፔላው ተጠጋግተው ነው ያሉት። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፋይል ያቀፈ ሰው በሩ ላይ ይሰበሰባል። ከዚያ ሰው መካከል ስንቱ ነው በአንድ ወቅት «እኛ እኮ እንተዋወቃለን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» ብሎ ተጨባብጦ የተለያየው! እዚሁ ቅርብ ደግሞ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ባሉ ሱቆችና ፎቅ ላይ በተከራዩ ክፍሎች፣ ሎጎ፣ ባነር፣ ብሮሸርና የምርት ማሸጊያ የሚሠሩ ልጆች አሉ። ሥራቸው የሚያኮራ ነው። ሥራውን የያዙበት ስምምነት ግን ብዙውን ጊዜ አንድ የስልክ ጥሪና አንድ የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ሥራ የምታሠሩ ነጋዴዎችም ብታነቡት ደስ ይለኛል።

የዲዛይን ውል ሲነሳ ሁላችንም ወደ ዋጋ እንሮጣለን። ዋጋው ግን ቢያንስ ተነጋግረንበታል፤ ሁለታችንም ቁጥሩን እናስታውሰዋለን። ጣጣው ያለው ዝም ያልንበት መስመር ላይ ነው። ያ መስመር ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ አንዳንዱን ሕግ ይሞላዋል፣ ሌላውን አቅም ያለው ወገን እንደፈለገው ይሞላዋል። ሕጉ የሚሞላበትን መንገድ ደግሞ አብዛኛው ዲዛይነር አያውቀውም።

ከባለቤትነት ልጀምር። ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ «እኔ የሣልኩት የእኔ ነው፤ እሱ የገዛው መጠቀሙን ነው» ብለው ያምናሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚለው ሌላ ነው። በትእዛዝ ወይም በቅጥር የተሠራ ሥራ፣ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። «በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር» የሚለውን ሐረግ ደጋግማችሁ አንብቡት። ዝም ካላችሁ መብቱ ሄዷል ማለት ነው። ለአንድ ካፌ ሜኑ ብላችሁ የሣላችሁት የጀበናና የስኒ ሥዕል ነገ ቲሸርት ላይ፣ ከነገ ወዲያ በሌላ ከተማ በተከፈተ ቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ ቢወጣ፣ ባልጻፋችሁት ውል ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ ይከብዳችኋል። ሠሪው በስሙ የመጠራት የሞራል መብቱ አብሮት ይቆያል፤ ገንዘቡ ግን የሞራል መብት ውስጥ የለም።

ስለዚህ ጻፉት። ሎጎ ከሆነ፣ እኔ በበኩሌ ሙሉ መብቱ ክፍያው ሲጠናቀቅ ለደንበኛው ይተላለፍ ባይ ነኝ። ነጋዴው ምልክቱን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአዕምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ሊፈልግ ይችላል፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። የድርጅቱ መታወቂያ የሆነን ነገር ግማሹን ይዞ መቅረት ተገቢ አይመስለኝም። ሥዕል፣ የማሸጊያ ጌጥና የማስታወቂያ ምስል ሲሆን ግን የት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ላይ እንደሚውል ለይቶ መጻፍ ይገባል። ያልተመረጡት ረቂቆች የዲዛይነሩ እንደሆኑ፣ ሶርስ ፋይሉ (ሊስተካከል የሚችለው ዋናው ፋይል) በዋጋው ውስጥ ይኑር አይኑር፣ ሥራውን በራሳችሁ የቴሌግራም ቻናል ወይም ቢሀንስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ማሳየት እንደምትችሉ፣ እነዚህ ሦስቱ አንዳንድ መስመር ብቻ ነው የሚፈልጉት። ያለ እነሱ የስንቱ ልጅ ምርጥ ሥራ «ለማንም አታሳይ» ተብሎ ተቀብሯል።

ቀጥሎ ቀብድ። እኛ ሰፈር ከሥራ በፊት የሚከፈል ገንዘብ ሁሉ ቀብድ ይባላል፤ ደረሰኙም ላይ እንደዚያው ይጻፋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ለቀብድ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ድረስ የራሱን ውጤት ሰጥቶታል። ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን መሰረዝ ይችላል። የተቀበለው ሰው ማፍረስ ከፈለገ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አሁን አንዲት ዲዛይነር 10,000 ብር «ቀብድ» ተቀብላ፣ ሁለት ሳምንት ሠርታ፣ የ40,000 ብር ሥራ ሦስት አራተኛውን ጨርሳለች እንበል። ደንበኛው «ቀብዱ ይቅርብሽ» ብሎ ለመሄድ የሚይዘው ክርክር አለው። እሷ ደግሞ ታማ ሥራውን ብትተው 20,000 ብር ልትጠየቅ ትችላለች። «በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ» የሚለው በር እዚህም ክፍት ነው። ደረሰኙ ላይ «ከጠቅላላው ዋጋ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ» ብሎ መጻፍ፣ ከዚያም ሥራው መሀል ቢቋረጥ እስከዚያ ለተሠራው ስንት እንደሚከፈል መወሰን ይህን ሁሉ ያስቀራል። እኔ የማየው ጤናማ አከፋፈል 40 በመቶ ከመጀመር በፊት፣ 30 በመቶ ሐሳቡ ሲጸድቅ፣ ቀሪው 30 የመጨረሻው ፋይል ከመሰጠቱ በፊት ነው። «ሲታተም እከፍልሃለሁ» የሚለውን አትቀበሉ። ኅትመቱ ቢዘገይ ወይም ጭራሽ ቢቀር የእናንተ ሥራ አልተሠራም ማለት አይደለም።

ማስተካከያ ላይ ስንደርስ የብዙዎቻችን ቁስል ይነካል። «ትንሽ ነገር ናት» ተብላ የምትመጣዋ፣ ከትንሿ በኋላ ሌላ ትንሽ፣ ከዚያ «የባለቤቴ እህት ቀለሙን አልወደደችውም»፣ ከዚያ «እስቲ የመጀመሪያውን መልስልኝ»። ደንበኛውን ክፉ አላደርገውም። የት ላይ እንደሚያበቃ ማንም አልነገረውም፤ የሚነግረው ውል ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1714 ተዋዋዮች የሚዋዋሉበትን ጉዳይ በበቂ ግልጽነት እንዲወስኑት ይጠይቃል፤ ዳኛውም በመተርጎም ስም ውል ሊሠራላቸው እንደማይችል ይናገራል። «ሎጎ ለመሥራት ተስማምተናል» የሚል ወረቀት ይዞ ዳኛ ፊት የሚቆም ዲዛይነር፣ ሎጎው መቼ እንዳለቀ ዳኛው እንዲወስንለት ነው የሚለምነው። ከዚያ ይልቅ እንዲህ ቢጻፍስ፦ «በዚህ ዋጋ ሁለት የመነሻ ሐሳብና በተመረጠው ላይ ሁለት ዙር ማስተካከያ ይካተታል። አንድ ዙር ማለት ደንበኛው አስተያየቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ በጽሑፍ የሚልክበት ነው። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዙር 3,000 ብር ይከፈላል። የተመረጠውን ሐሳብ ትቶ እንደገና መጀመር እንደ አዲስ ሥራ ይቆጠራል። ሥራውን የሚያጸድቀው አቶ እገሌ ብቻ ነው።» የመጨረሻዋ መስመር የወንድም፣ የአማትና የሸሪክ አስተያየት ሁሉ በአንድ ሰው በኩል እንዲመጣ ታደርጋለች።

አሜሪካዊው ዲዛይነር ፖል ራንድ በ1986 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለስቲቭ ጆብስ የኔክስት ኩባንያን ሎጎ ሲሠራ 100,000 ዶላር ተቀብሏል። ጆብስ አማራጮች እንዲያቀርብለት ቢጠይቀው እምቢ ብሎት፣ አንድ መፍትሔ እንደሚያመጣለት፣ ቢጠቀምበትም ባይጠቀምበትም እንደሚከፍለው አስቀድሞ ነግሮታል። እኛ ፖል ራንድ አይደለንም፤ ገበያችንም ሌላ ነው። ቢሆንም ከመጀመሩ በፊት ነው የተናገረው፤ ከእሱ የምወስደው ይህንን ነው። በአንጻሩ በዚያው አቆጣጠር በ1971 ካሮሊን ዴቪድሰን የተባለች ተማሪ የናይኪን ምልክት የሠራችው በ35 ዶላር ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ኩባንያው በራሱ ፈቃድ አክሲዮን ሰጥቷታል። መልካም አድርጓል፤ ነገር ግን የሰው ደግነት ላይ ኑሮ አይመሠረትም።

የማስረከቢያ ቀንን በተመለከተ የእኛ ነገር የራሱ መልክ አለው። ነሐሴ ላይ የአዲስ ዓመት ካላንደርና አጀንዳ የሠራ ሰው የምለው ይገባዋል። ደንበኛው ነሐሴ 5 ይዋዋላል፣ ነሐሴ 20 እንዲያልቅለት ይፈልጋል፣ የሠራተኞቹን ፎቶና የሚገባውን ጽሑፍ ግን ነሐሴ 17 ማታ ይልካል። ውሉ «በ15 ቀን ያስረክባል» ብቻ ካለ ዘገየ የሚባለው ዲዛይነሩ ነው። «ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ደንበኛው ሙሉ ጽሑፍና ፎቶ ካስረከበበትና ቅድሚያ ክፍያው ከገባበት ቀን ነው» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። መብራትንም አትርሱ። «መብራት ጠፍቶ ነው» የሚለው ምክንያት ለሁላችንም እውነት ነው፤ ሕጉ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት የሚለው ግን ሊጠበቅ የማይችለውን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አልጠበቅኩም ብሎ ማሳመን ይከብዳል። በውሉ ላይ የመብራትና የኢንተርኔት መቋረጥ ቀኑን ያራዝማል ብትሉ ግን ክርክሩ አይነሳም።

የማተሚያ ቤት ጉዳይም አለ። የማተሚያው ፕሌት ከወጣ በኋላ የተገኘ የፊደል ስህተት የማን ነው? በአማርኛ ጽሑፍ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ «ሐ» እና «ሀ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ላይ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ልማድ አለው። የስልክ ቁጥር አንድ አኃዝ ተሳስቶ 5,000 ብሮሸር ሲታተም የሚከፍል ሰው መኖር አለበት። ናሙናውን በወረቀት አትማችሁ፣ ደንበኛው እያንዳንዱ ገጽ ላይ «አንብቤዋለሁ፣ ይታተም» ብሎ ከነቀኑ ይፈርም። ከፊርማው በፊት የተገኘው ስህተት በእናንተ ይታረማል፣ ከፊርማው በኋላ የተገኘው በእሱ ወጪ። ደግሞም የሚፈርም ሰው በደንብ ያነባል።

ዋጋን በአጭሩ ልለፈው። ቫት ይጨምር አይጨምር ጻፉ፤ በ40,000 ብር ላይ 15 በመቶው 6,000 ብር ነው፣ ለአንዳችሁ ትርፍ ለሌላው ኪሳራ ይሆናል። ኅትመትንም አብራችሁ የምትይዙ ከሆነ ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸና ወስኑ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ በሚመጣ ወረቀትና ቀለም ላይ የወር ዕድሜ ያለው ፕሮፎርማ መስጠት ከባድ አደጋ ነው። ለዘገየ ክፍያም ያላችሁት ነገር ከሌለ የሕጉ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ ዛሬ ባለው የኑሮ ውድነት ለባለዕዳው ማዘግየቱ ይጠቅመዋል።

«ይህን ሁሉ ባወጣ ደንበኛዬ ይሸሻል» የሚል መልስ ደጋግሜ እሰማለሁ። በተለይ ሰውየው በዕድሜ የሚበልጥ፣ ጋሼ የምንለው፣ ምናልባትም የአባታችን ወዳጅ ሲሆን ወረቀት ማውጣት ነውር ይመስላል። እኔ ግን እድርን አስባለሁ። እድር ውስጥ የማይተዋወቅ የለም፤ በሐዘን የምንደራረስ ጎረቤታሞች ነን። ሆኖም መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ያረፈደ ይቀጣል፣ የቀረ ይቀጣል፤ ደንቡ ላይ ስለፈረመ የተቀየመ ሰው አላየሁም። አባቶቻችንም ገንዘብ ሲያበድሩ ዋስ ጠርተው፣ እማኝ አስቀምጠው ነው። ስለዚህ «ጋሼ፣ የተስማማነውን ሁለታችንም እንዳንረሳው በአንድ ገጽ አድርጌዋለሁ፣ አይተው ያስተካክሉልኝ» ማለት ትሕትና ነው። ቃሉን ማክበር የሚፈልግ ሰው አይከፋውም። ገና ከመነሻው ወረቀት የሚሸሸውን ደግሞ ሥራውን ሳትጀምሩ ማወቅ ይሻላል።

ለዲዛይን ሥራ ሕጉ የተለየ ፎርም አይጠይቅም፤ የቃል ውልም ውል ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ስትዋዋሉ ግን የጽሑፍ ውል ግዴታ ነው። ለሌላው ሁሉ ያለው ጥያቄ የማስረጃ ነው። አንድ ገጽ፣ የሁለታችሁ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር፣ በሁለት ቅጂ፤ ከተቻለ ለትልቅ ሥራ እዚሁ ልደታ ካሉት ጠበቆች አንዱ ይየው። ይህ በማይሆንበት ጊዜ የቴሌግራም መልእክትም ዋጋ አለው። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ያደርጋል። የስልክ ወሬ ካለቀ በኋላ «በተነጋገርነው መሠረት...» ብላችሁ ነጥቦቹን ጻፉ፣ «እስማማለሁ» የሚል መልስ እስኪመጣ ጠብቁ፣ መልእክቱንም አታጥፉ።

በቅርቡ ደግሞ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ። ደንበኞች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስል ይዘው መጥተው «ይቺን ብቻ አጽዳልኝ» ማለት ጀምረዋል፤ እኛም ራሳችን መነሻ ሐሳብ ስንፈልግ እንጠቀምበታለን። መስመሩ እንዲህ ይላል፦ «በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ምስል በሥራው ውስጥ ከገባ ያስገባው ወገን አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ በምስሉ ምክንያት ከሦስተኛ ወገን ለሚነሳ ጥያቄም ራሱ ኃላፊ ነው።» ጠበቆች ይህን የምታነቡ ካላችሁ አስተካክሉልኝ። ዲዛይነሮችም የራሳችሁን ውል አስተያየት መስጫው ላይ አስቀምጡ፤ የደንበኞቻችሁን ስም ግን ሰርዙ።