ሳይፈርስ የሚነሳ ቤት

አርባ ምንጭ የሄድነው ለመዝናናት ብቻ ነው ብል ዋሸሁ። ከሁለት ወር በፊት የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ለሁለት ዓመት ወደ ድሬዳዋ ቅርንጫፍ እንዲዛወር ጠየቀው። "እኔ ልሂድ፤ በየወሩ እየመጣሁ አያችኋለሁ" አለኝ። "እሺ" አልኩት። እሺታዬ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ መብራትና ስለ ውኃ ካልሆነ በቀር አናወራም። አምስተኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችን ሲቃረብ እናቴ ነገሩ ገብቷት ነው መሰለኝ፣ "ልጅቷን ለእኔ ተዉልኝና ዞር ዞር ብላችሁ ኑ" አለችን። ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል በረን ዓርብ ከሰዓት አርባ ምንጭ ገባን።

ቅዳሜ ማለዳ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁልቁል ስናይ ሁለቱ ሐይቆች ተዘርግተዋል። በስተግራ አባያ፣ በስተቀኝ ጫሞ፣ በመካከላቸው ደግሞ የእግዜር ድልድይ የሚባለው ከፍታ። አባያ ወንዞች በሚያመጡለት ደለል ምክንያት ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል።

"ጎን ለጎን እየኖሩ አለመመሳሰላቸው!" አለ ባለቤቴ። ስለ እኛ የሚያወራ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁት። እሱ ፎቶ እያነሳ ነበር።

ጫሞ ላይ ጀልባ ተከራየን። ወጣቱ ጀልባ ነጂ ላይፍ ጃኬት አልብሶን፣ "እጃችሁን ውኃው ውስጥ እንዳትከቱ" ብሎ አስጠንቅቆን ተነሳ። ጉማሬዎች ጆሯቸውንና ዓይናቸውን ብቻ ብቅ አድርገው ያዩናል። የቁልፎ ወንዝ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት አካባቢ ስንደርስ ሞተሩን ቀዝቀዝ አደረገው። "የአዞ ገበያ" የሚሉት ይህንን ነው። ማርኬቲንግ ላይ ለምሠራ ለእኔ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም፤ ስሙን የሰማ ሰው ሳያየው መመለስ አይፈልግም። ግዙፎቹ አዞዎች አሸዋው ላይ ተጋድመው አፋቸውን በሰፊው ከፍተዋል።

"ተቆጥተው ነው?" አልኩት ጀልባ ነጂውን።

"አይደለም እህቴ። ሙቀቱ ሲበዛባቸው በአፋቸው ነው የሚያበርዱት።"

ባለቤቴ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "እንግዲህ አንቺም አፍሽን ስትከፍቺ ሙቀት ነው ብዬ ልለፈው" አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን።

ከተማ ተመልሰን ዓሣ ኮተሌት በዳጣ ከበላን በኋላ፣ መኪና ይዘን ወደ ጨንቻ በሚወስደው ዳገት ዶርዜ ወጣን። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ ዶርዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ከሙዝና ማንጎው ሙቀት ወጥተን ጭጋግ ውስጥ ገባን። ሹራብ አለመያዛችን ቆጨን።

የተቀበሉን አዛውንት ከቀርከሃ የተሠራና በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ ቤታቸውን አሳዩን። ፊት ለፊቱ የዝሆን ፊት ይመስላል። አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር ሊረዝም ይችላል። አጠገቡ ያለው ግን በጣም አጭር ነበር።

"ይኼኛው ለምን አነሰ?" አለ ባለቤቴ።

"አላነሰም፤ አርጅቶ ነው። ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ በተበላ ቁጥር ዝቅ ይላል።"

"ታዲያ አፍርሳችሁ ሌላ ትሠራላችሁ?" አልኩ እኔ።

ሳቁብኝ። "ለምን ይፈርሳል ልጄ? ቦታው ካልተስማማው ጎረቤት ይጠራል፤ እንጨት ይገባበትና ቤቱ እንዳለ ይነሳል። ሌላ ቦታ ይተከላል።"

ውስጥ ገብተን እሳት ዳር ተቀመጥን። ቆጮ በማርና በዳጣ ቀረበልን። ባለቤታቸው ጥጥ እየፈተሉ ነበር፤ ዶርዜ ውስጥ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ልጃቸው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ መሆኑን ነገሩን። የጋሞ ሸማኔዎች ለሥራ ርቀው ሲሄዱ ብዙ ትውልድ አልፏል። ሚስቱና ልጆቹ ግን እዚሁ ናቸው።

"ለመስቀል ይመጣል" አሉ አባት። እውነትም በጋሞ መስቀል ሲደርስ የራቀ ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል።

እናት እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ "መስቀል በዓመት አንዴ ነው" አሉ።

ባለቤቴ የያዘውን ቆጮ አስቀመጠ። ስንወጣ በጭጋጉ ውስጥ ዝም ብለን ጥቂት ተራመድን። ከዚያ እኔው ጀመርኩ።

"መሄድህ አይደለም ያመመኝ። ሳትጠይቀኝ መወሰንህ ነው።"

"አብረን እንሂድ ካልኩሽ ሥራሽን ተዪ ማለት መሰለኝ። ያንን ከአፌ ማውጣት ፈራሁ።"

እኔ እኮ የናቀኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ደግሞ "እሺ" ስለው እፎይ ያልኩ መስሎት ኖሯል። ሁለታችንም ለሌላው ያዘንን እየመሰለን፣ ቤታችንን ከሥሩ ያስበላነው በዝምታ ነው።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ድሬዳዋ ሆኜ መሥራት የምችልበት መንገድ ይኖር እንደሆነ አለቃዬን ጠየቅኩ። መልሱ ገና አልመጣም። እንሄድ ይሆናል፤ እሱ ይቀር ይሆናል። ከሄድን ግን ሦስታችንም እንሄዳለን፤ ቤቱ እንዳለ ይነሳል።

አርባ ምንጭ ለመሄድ ያሰባችሁ ጥንዶች፣ ጀልባውን በጠዋት ያዙ፤ ለዶርዜ ሹራብ አትርሱ። የተዳፈነ ጉዳይ ካላችሁም ይዛችሁት ሂዱ። እኛ የተዳፈነውን ገልጠን፣ ከዶርዜ አንድ ጋቢ ገዝተን ተመለስን። አሁን ማታ ማታ ልጃችንን ካስተኛን በኋላ እሱን ለሁለት ለብሰን እናወራለን።