ሦስተኛው ኩብ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ የኮንክሪት መፈተሻ ላቦራቶሪ ነው የጠራኝ። ሥራው ሲነገረኝ ቀላል ነበር፦ ከመጭመቂያ ማሽኑ ጋር የተያያዘው ኮምፒውተር ዋይፋይ የለውም፣ ውጤቱን በፍላሽ ማመላለስ ሰልችቶናል፣ ይቺን የዩኤስቢ ዋይፋይ አሠራልን። አንድ ከሰዓት ይበቃኛል ብዬ ሄድኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ኡቡንቱ 16.04 ነው፤ ከርነሉ 4.4፣ የ2016 ዕቃ። የዋይፋይዋ ድራይቨር ደግሞ ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ለወጣ ከርነል የተጻፈ ነው። «ታዲያ ከርነሉን ለምን አታሳድገውም?» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይሄንኑ ነው። ችግሩ ከማሽኑ መረጃ የሚቀበለው ካርድ ነው። ሻጩ የሰጣቸው ለዚያው ከርነል ኮምፓይል የተደረገ ሞጁል ብቻ ነው፣ ሶርስ ኮድ የለም። እሱን አዲስ ከርነል ላይ ልጫን ስትሉት «ኢንቫሊድ ሞጁል ፎርማት» ብሎ ይመልሳችኋል። ከርነሉን ካሳደግኩ ዋይፋይ አገኛለሁ፣ ማሽኑን አጣለሁ። የቀረው አዲሱን ድራይቨር ወደ አሮጌው ከርነል ማውረድ ነው፤ ባክፖርት የሚባለው።

ሊኑክስ ለተጠቃሚ ፕሮግራሞች ቃሉን ይጠብቃል። በከርነሉ ውስጥ ግን ቋሚ ኤፒአይ የሚባል ነገር የለም፤ ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ለምን እንደሌለ የጻፈው ሰነድ እዚያው ከሶርስ ኮዱ ጋር ተቀምጧል። አንድ ፈንክሽን ሲቀየር ከርነሉ ውስጥ ያሉት ድራይቨሮች አብረው ይስተካከላሉ። ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ግን ያንን ሁሉ ለውጥ አንድ በአንድ መፍታት አለበት። ይሄንን ለብዙ ድራይቨሮች የሚያደርግ ባክፖርትስ የሚባል ፕሮጀክት አለ፤ የእኔዋ እዚያ ስላልነበረች በእጄ ገባሁበት።

ታይመሩን ውሰዱ። ድሮ «ሴትአፕ ታይመር» ነበር፦ ሰዓቱ ሲደርስ ለሚጠራው ፈንክሽን የፈለጋችሁትን ቁጥር ታቀብሉታላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የራሳችሁን ስትራክት አድራሻ። 4.14 ላይ «ታይመር ሴትአፕ» መጣ (አዎ፣ ቃላቱን ገለበጧቸው)፣ 4.15 ላይ የድሮው ወጣ። አዲሱ የሚያቀብለው የታይመሩን የራሱን አድራሻ ነው፤ ፈንክሽኑ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሮ ታይመሩ ያለበትን ትልቁን ስትራክት ያገኛል። እኔ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በድሮው ልማድ የስትራክቱን አድራሻ አቀበልኩት። ፈንክሽኑ የታይመር አድራሻ መስሎት ወደ ኋላ ቆጠረና የማያውቀው ሜሞሪ ላይ አረፈ። ኮምፓይለሩ ሊያስጠነቅቀኝ ሲል ደግሞ ካስት አድርጌ አፉን ዘግቼዋለሁ።

የባሰው ነገር፣ ሠራ። ያ ታይመር የሚጮኸው ግንኙነት ሲቋረጥ ብቻ ነው። ገንዘቤን ተቀበልኩ፣ ተመሰገንኩ፣ ሄድኩ።

አንድ ጠዋት ቢሮ ውስጥ የሆነ ሰው ሻይ ማፍያ ሊሰካ ራውተሩን ነቀለው። ላቦራቶሪው ውስጥ በዚያች ሰዓት ሦስተኛው ኩብ ማሽኑ ውስጥ ነበር፦ ባለ 15 ሳንቲሜትር፣ 28 ቀን ውሃ ውስጥ የከረመ። ኮምፒውተሩ ደረቀ። ማሽኑ መጫኑን ቀጠለ፣ ኩቡ ተሰበረ፣ በስንት እንደተሰበረ ግን የትም አልተመዘገበም። አንዴ የተሰበረ ኩብ ደግሞ ድጋሚ አይፈተሽም።

ስደርስ ቴክኒሻኑ መዝገቡን ዘርግተው ጠበቁኝ። የአባቴ እኩያ ናቸው።

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ ኢንጂነር?»

«ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ ጋሼ።»

ምንም ሳይሉ ጻፉት። እውነት ለመናገር እኔም ግማሽ አምኜዋለሁ።

ማታ ቤት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያንኑ ከርነል ጭኜ የራሴን ራውተር ነቀልኩ። ወዲያው ከርነል ፓኒክ። ስክሪኑን ከሞላው ጽሑፍ መሃል የዚያ የታይመር ፈንክሽን ስም አለ። ማስተካከያው አንድ መስመር ነበር።

በማግስቱ ድራይቨሩን ቀይሬ ስጨርስ «ጋሼ፣ ትናንት የጻፉት ልክ አይደለም» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ገለጡ፤ «ኮምፒውተሩ አርጅቷል» የሚለውን በአንድ ሰረዝ ሰርዘው ከላይ «የሶፍትዌር ስህተት» ብለው ጻፉና እስክሪብቶውን አቀበሉኝ።

«ፈርምበት።»

ፈረምኩ።

«አሁንስ ራውተሩ ቢነቀል?»

ግቢውን አቋርጬ ቢሮ ገባሁና ራሴ ነቀልኩት። ስመለስ ባዶው ማሽን አጠገብ ቆመው ስክሪኑን ያያሉ። ቁጥሮቹ ይንቀሳቀሳሉ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሁለታችንም ዝም ብለን አየን።

«በል እንግዲህ፣ አንዴ ነቅለኸዋል» አሉኝ፣ «ሂድና ሻይ አፍላበት።»