የጎን ብርሃን

መብራት ሁለት ሥራ አለው፤ ማሳየትና መታየት። ኩራዝ ለለኮሰው ሰው ያሳያል። ችቦ ይዞ በሌሊት የሚጓዝ መንገደኛም እግሩ የሚያርፍበትን ያይበታል። የመኪና የፊት መብራት ከእነዚሁ ወገን ነው። የኋላው ቀይ መብራት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ሾፌሩ አያየውም፤ መንገድም አያበራለትም። ሥራው በሙሉ ለሌላ ሰው ዓይን ነው። «እዚህ አለሁ፤ አትምጣብኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ስንኝ እቆጥራለሁ። ስለ መኪና የማውቀው አንድ ተሳፋሪ የሚያውቀውን ያህል ነበር። ይህን ቀይ መብራት እንድመረምር ያስገደደኝ የታላቅ እህቴ ልጅ ነው።

አገራችን ጉንደ ወይን ናት፤ የስሟ ትርጉም የወይን ግንድ ነው። በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ በብቸናና በሞጣ መካከል፣ ከደጀን ተነሥቶ ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ትገኛለች። በምዕራብ በኩል ጮቄ ተራራ አለ፤ በምሥራቅ መሬቱ እየወረደ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወስዳል። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከደጋው ተንከባሎ ይመጣና መንገዱን ያለብሰዋል። የእኛ ሰማይ እንደ ሰሜኑ ዓለም ረጅም የምሽት ውጋገን አያውቅም፤ ፀሐይ ጠለቀች ሲባል ጨለማው ደርሷል። በዚያች አጭር ሰዓት ከገበያ የሚመለስ አህያ፣ እንጨት የተሸከመች ሴት፣ ባጃጅና የጭነት መኪና አንዱን አስፋልት ይሻሙበታል። በክልላችን ግጭቱ ከተቀሰቀሰበት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ ሳይመሽ ለመግባት ይጣደፋል፤ ጥድፊያውም ያችን አጭር ሰዓት ይበልጥ አጣቧታል።

የእህቴ ልጅ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። እናቱ በዕቁብና በብድር በገዛችለት ባጃጅ ሰው ያመላልስ ነበር። አንድ ምሽት ከገጠር ከሚመጣው የጠጠር መንገድ ወጥቶ አስፋልቱን ሲያቋርጥ የጭነት መኪና በጎኑ መታው። ሾፌሩ አልሰከረም፤ አልሸሸምም። ጉሙ የገዛ መብራቱን መልሶ በፊቱ ነጭ ግድግዳ አቁሞበት ነበር። ልጁንም በራሱ መኪና አንሥቶ ወደ ሕክምና ያደረሰው እሱ ነው። ልጁ ተረፈ። በቀኝ እግሩ ብረት ገባለት፤ እስከ ዛሬም ያነክሳል።

በማግሥቱ ስፍራውን ያዩ ሰዎች የነገሩኝ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ባጃጁ በጎኑ ተጋድሞ ሳለ የኋላ መብራቱ ይበራ ነበር። አልተቃጠለም፤ አልተሰበረም። የተሠራበትን ሥራ እስከ መጨረሻው ሠርቷል። ያ ብርሃን ግን የሚያየው ልጁ ትቶት ወደ መጣው መንደር ነበር፤ የፊቱ መብራት ወደ ማዶው ማሳ ነበር። አደጋው ወደ መጣበት ወደ ጎን የሚናገር ምንም አልነበረም።

ነገሩ የአንድ ባጃጅ ጉዳይ እንዳልሆነ የተረዳሁት ካነበብሁ በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች የመኪና የኋላ መብራት በውጭው ጎን እስከ 80 ዲግሪ፣ በውስጠኛው ጎን እስከ 45 ዲግሪ እንዲታይ ያዛሉ። የብርሃኑ መጠን ግን በየአቅጣጫው እኩል አይደለም። በቀጥታ ከኋላ ለሚመለከት ቢያንስ 4 ካንዴላ ይጠየቃል፤ አንድ ካንዴላ የአንድ ሻማ ብርሃን ያህል ነው። በዳር በኩል ግን 0.05 ካንዴላ ይበቃል። ይህ ከመጀመሪያው ሰማንያ እጥፍ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ የክረምት ጭቃ ሲለጠፍበት ምን እንደሚተርፍ አንባቢ ይገምት። መብራቱ የተሠራው ለሚከተለን ሰው ነውና ጎን ለጎን የሚመጣው ከፍርፋሪው ነው የሚደርሰው።

አሜሪካኖች ይህን ጉድለት ቀደም ብለው አስተውለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በአገራቸው የሚሸጥ መኪና በጎኑ ከፊት ብርቱካናማ፣ ከኋላ ቀይ ምልክት እንዲኖረው አዘዙ። መጀመሪያ መብራት ወይም አንጸባራቂ ይበቃ ነበር፤ ከ1970 ወዲህ ሁለቱም ግዴታ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ የመንግሥታቸው ጥናት እነዚህ ትናንሽ መብራቶች በዓመት 106,000 ያህል አደጋዎችን እንደሚያስቀሩ ገመተ። ያው ጥናት የሞትን ቁጥር ሲቀንሱ እንዳላገኘም አልሸሸገም። ይህን ሳነብ ቅር አላለኝም። ትንሽ መብራት ትንሽ ሥራ ይሠራል፤ የሰው እግር ከመሰበር መዳኑ ግን ለእናቱ ትንሽ አይደለም።

ልጁ ከአልጋ ከተነሣ በኋላ ባጃጁን ለሌላ ሰው ሰጥቶ በአንድ ጋራዥ ሥራ ጀመረ። አንድ ቀን ወደ ባንካችን መጥቶ በመስኮቴ አጠገብ ቆመ። የመጣው ለገንዘብ አልነበረም፤ በጠረጴዛው ላይ የቆመውን፣ ጽሑፉ የሚያበራ ግልጽ ሰሌዳ ያስተውል ነበር። «አጎቴ፣ አምፖሉ ያለው ከታች ነው፤ ፊደሎቹ ግን ከላይ ይበራሉ። በመካከሉ ያለው ፕላስቲክ ለምን አይበራም?» አለኝ። በመቶ የሚቆጠሩ ቀናት ከዚያ ሰሌዳ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን አልመጣልኝም ነበር።

መልሱ ያረጀ መልስ ነው። ብርሃን ከውኃ ወይም ከመስታወት ወደ አየር ለመውጣት ሲሞክር በጣም ጋድሞ ከመጣ መውጫ ያጣል፤ ገጹን ነክቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሰሌዳው በተሠራበት በአክሪሊክ ፕላስቲክ ውስጥ ወሰኑ ከገጹ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር ሲለካ 42 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ የበለጠ የጋደመው ጨረር ሁሉ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ይጓዛል። ፊደሉ የተቀረጸበት ጭረት ሲያጋጥመው ግን ማዕዘኑ ይበላሽበትና ይወጣል። የሚታየን የወጣው ብቻ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል ኮላዶን ይህን በጄኔቫ በሚፈስ ውኃ አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ1842 ጽፎበታል፤ ጆን ቲንደል እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ደግሞ አሳይቶታል። ቻርልስ ካዎ እ.ኤ.አ. በ1966 ንጹሕ የመስታወት ክር መልእክትን በብርሃን ወደ ሩቅ ሊያደርስ እንደሚችል ጻፈ፤ በ2009 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ዛሬ ደንበኛ በመስኮቴ ሂሳቡን ሲጠይቅ መልሱ በዚያው ሕግ፣ በመስታወት ክር ውስጥ እየነጠረ ብዙውን መንገድ ያቋርጣል። ያ ክር በአንድ ቦታ ሲበጠስ እኛ «ሲስተም የለም» እንላለን።

መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት የኮላዶንን ሙከራ በእህቴ ቤት አደረግነው። በሃይላንድ ፕላስቲክ ውኃ ሞላን፤ በጎኑ አንዲት ቀዳዳ በስተን ከወዲያኛው ጎን የሞባይል ባትሪ አበራን። ውኃው ጎብጦ ወደ ሳፋው ሲወርድ ብርሃኑም ከእሱ ጋር ጎበጠ። እህቴ ጣቷን ከጅረቱ ስር ብታደርግ ጣቷ ላይ ብርሃን ፈሰሰ። «ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር አልነበረም እንዴ?» አለች። ልጇም «ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ግን ደጋግሞ ይመለሳል» ብሎ መለሰላት። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመጽሐፍ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ያዘው። ከማስታወቂያ ሠሪ የተረፈ የአክሪሊክ ቁራጭ ለምኖ አመጣ። የጣት ውፍረት ያህል ቆርጦ ጠርዙን በልስልስ የአሸዋ ወረቀት አሸው፤ በጥርስ ሳሙናም አጠራው። ሻካራ ጠርዝ ብርሃኑን በየመንገዱ ያፈሰዋልና። በፍም ላይ አሙቆ ሲያለሰልሰው እንደ ቀበቶ ይታጠፍለታል። መጀመሪያ በሹል አጠፈው፤ ብርሃኑ ከማጠፊያው ላይ አመለጠ። በሰፊው ሲያጎብጠው ግን እስከ ጫፉ ደረሰ። አንዱን ጫፍ ከኋላ መብራቱ ጎድጓዳ ውስጥ፣ ብርሃን በከንቱ ከግድግዳ ጋር በሚጋጭበት ጎን አስገባው፤ ሌላውን በባጃጁ ጎን ዘረጋው። በዘረጋውም ላይ በሞረድ ጭረት በጭረት አወጣበት። ከአምፖሉ ርቆ ብርሃኑ ስለሚደክም ጭረቶቹን ወደ ጫፉ እያበዛ ሄደ።

እንቅፋት አላጣውም። የመጀመሪያው ዘንግ በአምፖሉ ሙቀት ቀለጠ፤ ሙቀቱ አነስተኛ የሆነውን ኤልኢዲ ሲያስገባ ተስተካከለ። ግልጹ ፕላስቲክ በጎን ነጭ ብርሃን ቢሰጥ እሱ ራሱ አልወደደውም። «ነጭ እኮ እየመጣሁ ነው ማለት ነው፤ ውሸት ይሆናል» አለና ቀይ ቁራጭ ፈልጎ ተካው። አንድ ማታ ከመንገድ ዳር ቆመን ባጃጁን በጎኑ አስቆምነው። ከሠላሳ እርምጃ ርቀት ቀጭን ቀይ መስመር ታየች። ያለ እሷ በዚያ ቦታ የነበረው ጨለማ ብቻ ነበር።

በትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይህ ብልኃት አዲስ አይደለም። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2000 የፊት መብራቶቹን በብርሃን ቀለበት የከበበው በዚሁ ዘዴ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባን በሞሏት የኤሌክትሪክ መኪኖች ጀርባ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ቀይ መስመር አንባቢ ሳያይ አልቀረም። ከነዚያ ብዙዎቹ በጠርዝ በኩል ብርሃን የሚቀበሉ ዘንጎች ናቸው፤ ጫፋቸው ወደ ጎን ሲታጠፍ ጎረቤትንም ያስጠነቅቃል። እዚያ ለውበትም ጭምር ነው። በእኛ መንገድ ግን ውበቱን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከሟቾቹም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ተጠቃሚዎች ናቸው።

እህቴ ይህን ሥራ በመጀመሪያ አልወደደችውም። መብራቱን በያዘ ቁጥር ልጇ ወደ መሪው ሊመለስ እንደሆነ ይሰማት ነበር። አንድ ማታ ከጓሮ ሆኖ «አጠፍኩት!» ብሎ ሲጮህ እሷ «አጠፋሁት» ያለ መስሏት «እሰይ፣ ግባና ራትህን ብላ» አለችው። ሳቅን። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ከእኔ ጋር ቀረ። በቋንቋችን ብርሃንን ማጠፍና ብርሃንን ማጥፋት እንዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ «አጠፈ» እና «አጠፋ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ቤት ነው። የጎጃም ቅኔ ቤት ያሳደገው ጆሮ እንዲህ ያለውን ዝም ብሎ አያልፍም። እናት የምትሻው ልጇ አደጋውን አጥፍቶ፣ በሩን ዘግቶ እንዲቀመጥ ነው። ልጅ የሚሻው ደግሞ ያለውን ጥቂት ብርሃን አጥፎ ወደ ሚያስፈልግበት ጎን ማድረስ ነው። ሁለቱም ፍቅር ነው፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ ከቤታችን ገና አልተወሰነም።

እስከዚያው ግን ጓደኞቹ አንድ ሁለት እያሉ ባጃጃቸውን ያመጡለታል። ባለፈው ሰሞን እህቴ ከገበያ ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ የጎን መስመር እንዳለው አይታ ወርዳ ዳሰሰችው አሉ። ለልጇ ስለዚህ ነገር አልነገረችውም። ለእኔም ያልነገረችኝን ከሰው ሰምቼ ይህችን ጻፍሁ።

ከኋላዬ ያለ በቀዩ ለየኝ፤
ከፊቴ የመጣ በነጩ አወቀኝ፤
ከጎኔ ለመጣ ማን ይንገርልኝ?
አጥፌ ልላክለት፣ ብርሃን ካለኝ።