ፕሪመስ የሚያነሣው ሞተር

ፕሪመስ ታስታውሳላችሁ? እናቴ ቡና የምታፈላው በእሱ ነበር። መጀመሪያ አናቱ ላይ ጥቂት አልኮል ጠብ አድርጋ ትለኩሳለች። ጭንቅላቱ ሳይግል ፓምፑን ብትደልቀው የሚወጣው ጥላሸት ብቻ ነው። ሲግል ግን ላምባው ወደ ተን ይለወጥና ሰማያዊው ነበልባል እያፏጨ ይነሣል።

ይህን ማንሣቴ ስለ ምድጃ ላጫውታችሁ ብዬ አይደለም። ፕሪመስ እ.ኤ.አ. በ1892 የተፈለሰፈው ስቶክሆልም ውስጥ ነው፤ ቦሊንደር የሚባሉት የጀልባ ሞተሮችም የዚያችው ከተማ ልጆች ናቸው። ጠባያቸውም ይመሳሰላል። ቦሊንደር ካንዴላ የለውም። ሲሊንደሩ አናት ላይ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ጉልላት አለ፤ እሱን ከውጭ በፕሪመስ ዓይነት እሳት ይለበልቡታል። ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ነዳጅ ይረጭበትና ይቀጣጠላል። አንዴ ከተነሣ በኋላ የራሱ ቃጠሎ ጉልላቱን እንደጋለ ስለሚያቆየው የውጪው እሳት አያስፈልግም።

ከእነዚህ ሞተሮች ሁሉ ልቤን የወሰደው ፔሩ ውስጥ፣ ቲቲካካ ሐይቅ ላይ ያለው ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 3,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሞተሩን የያዘችው መርከብ ያቫሪ ትባላለች። በ1862 እንግሊዝ አገር ተሠርታ፣ 2,766 ቁራጭ ሆና ተጫነች፤ አንዲስ ተራራን የወጣችው በበቅሎ ጀርባ ነው። ተገጣጥማ ውኃ የነካችው በ1870 በፈረንጆች ገና ዕለት ነበር። በዚያ ከፍታ ከሰል ከየት ይምጣ? የእንፋሎት ሞተሯን ያነደዱት በላማ ኩበት ነው! በ1914 ግን እንፋሎቱ ወጥቶ 320 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ቦሊንደር ገባላት። ከብዙ ዘመን በኋላ ተጥላ ስትዝግ፣ በ1987 ሜሪየል ላርከን የተባለች እንግሊዛዊት ገዛቻትና በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበው ያንን ሞተር ዳግም አስነሡት።

እንዲህ ያለ ሞተር ፊት መቆም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መመሪያው የለም፤ መለዋወጫ የሚሸጥ የለም፤ የሠሩት እጆችም ካለፉ ቆይተዋል። ታዲያ ማንን ይጠይቃሉ? ራሱን ሞተሩን ነዋ። የጎደለው ዕቃ የተቀመጠበት ቦታ መጠኑን ይናገራል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት አለ፤ ጓርኒሽኑ በዘይት የተወው ቅርጽ አለ፤ ብረት ከብረት ሲተሻሽ ያበራው ቦታ አለ። ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን ደግሞ ከአንዱ የጠፋው ሌላው ላይ ይገኛል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ያረጀን ዕቃ እንዳለ የቀዳ ሰው እርጅናውንም አብሮ ይቀዳል። ልኩ መወሰድ ያለበት ፍትጊያ ካልነካው ጎን ነው።

ልኩ ከተገኘ በኋላ ተራው የአናጺ ነው። ዕቃው መጀመሪያ በእንጨት ይቀረጻል፤ የቀለጠ ብረት ሲበርድ ከመቶ አንድ ያህል ስለሚኮማተር እንጨቱ ያን ያህል ከፍ ይላል። የእንጨቱ ቅርጽ አሸዋ ላይ ይታተማል፤ ብረት ይፈስበታል፤ ከዚያ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። እኛ አገር መለዋወጫ ለጠፋለት ወፍጮ ቶርኖ ቤት የተመላለሰ ሰው ይህ ሥራ አይጠፋውም። ኩሽኔታውም እንዲሁ ነው፤ ለስላሳው ነጭ ብረት በቦታው ይፈስና፣ ዘንጉ ቀለም ተቀብቶ ይዞርበታል፤ ቀለም የነካው ቦታ እየታየ በእጅ ይፋቃል። ደግሞ ይቀባል፣ ደግሞ ይፋቃል። ቀናት ይፈጃል፤ እኔ ግን ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

የተጣበቀ ፒስቶን ከገጠመ መዶሻ ማንሣት ኃጢአት ነው እላለሁ። በቅርጽ የፈሰሰ አሮጌ ብረት ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ ምትክ የለውም። ዘይት ጠብ እያደረጉ ሳምንታት መጠበቅ ነው፤ ወራትም ቢሆን።

ከዚያ ያ ቀን ይመጣል። እሳቱ ጉልላቱ ሥር ያፏጫል፤ ሰዎቹ ዙሪያውን ቆመው ዝም ይላሉ። ብረቱ መቅላት ሲጀምር የታመቀው አየር ይለቀቃል፣ ከባዱ መንኮራኩር ዞር ይላል፣ ነዳጁ ይገባል። አንድ ድምፅ። ቆየት ብሎ ሌላ።