ስሜን የሰጠሁህ ለጠመኔው ነበር



ለኢንተርንሺፕ የወጣሁት የቤት ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነበር። የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ትልቅ ሲስተም ያሠሩኛል ብዬ ጠብቄአለሁ። በሁለተኛው ሳምንት የተሰጠኝ ሥራ ግን «በአንድ መስመር የሚያልቅ ነው» የተባለ ነበር፤ ለማስታወቂያ ገጾች ንዑስ ዶሜይን መክፈት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሽያጭ ክፍሉ የረመዳን ቅናሽ ገጾችን የሚያዘጋጀው በየወሩ በሚከፈልበት የውጭ አገልግሎት ላይ ነበር። ገጾቹ ያማሩ ናቸው፤ አድራሻቸው ግን የአገልግሎት ሰጪውን ስም የያዘ፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ነው። ሊንኩ በቴሌግራም ሲላክ ደንበኞች እየደወሉ «ይሄ በእርግጥ የእናንተ ነው? ወይስ የአጭበርባሪ?» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ገጹ ባለበት ይቀመጥ፣ አድራሻው ግን በድርጅቱ ስም ይሁን ተባለ፤ ከዋናው ስም ፊት «ቅናሽ» የሚል ቃልና ነጥብ ተጨምሮ።

ኢንተርኔት ላይ ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው፤ ስም የሚያስፈልገን እኛ ሰዎች ነን። ድሮ ስሞችና ቁጥሮቻቸው አሜሪካ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም በሚያዝ አንድ ፋይል ላይ ይመዘገቡ ነበር። ኔትወርኩ ሲሰፋ ይህ አላስኬድ አለ፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስ የሚባለውን ሥርዓት ነደፈ። የሥርዓቱ ዋና ሐሳብ ውክልና ነው፦ ዋናውን ስም የያዘ ከሥሩ ያሉትን ስሞች ራሱ ያስተዳድራል፤ ከፈለገም ወደ ሌላ ያስጠቁማል። ለዚህ ነው ዋናው ስም ያለው ድርጅት ንዑስ ስም ለመክፈት አዲስ ስም መግዛት የማያስፈልገው።

ሥራው ሁለት ቦታ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ አገልግሎት ሰጪው ዘንድ አዲሱን አድራሻ ታስመዘግባላችሁ፤ እሱም የሚጠቆምበትን ስም ይሰጣችኋል። ቀጥሎ ዶሜይኑ ወደሚተዳደርበት ፓነል ገብታችሁ ሲኔም የሚባል ሪከርድ ትጨምራላችሁ። ትርጉሙ «ይህን ስም የጠየቀ ሰው መልሱን እዚያኛው ስም ጋ ይፈልግ» ማለት ነው።

እኔ በስም ሳጥኑ ውስጥ ሙሉውን አድራሻ ጻፍኩ። ፓነሉ ዋናውን ስም ከኋላ ራሱ ስለሚጨምር የድርጅቱ ስም ሁለት ጊዜ ተደገመ። ካረምኩት በኋላም ለተወሰነ ጊዜ አልከፍት አለ፤ ቀድሜ ስሞክር የተሰጠውን «እንዲህ የሚባል ስም የለም» የሚል መልስ መሃል ላይ ያለው ሰርቨር ይዞት ነበርና። አለቃዬም አጠገቤ ቆመው «ዋናው ስም ላይ ሲኔም እንዳታስገባ! ሲኔም ካለበት ስም ጋር የኢሜይሉ ሪከርድ አብሮ አይኖርም፤ የሁላችንም ኢሜይል ይቆማል» እያሉ ያስጠነቅቁኛል። ከሰዓት በኋላ የደህንነት ሰርተፍኬቱ ወጥቶ ገጹ ያለ ማስጠንቀቂያ ተከፈተ። አልሐምዱሊላህ! «የእናንተ ነው ወይ?» የሚለው ስልክም ቀረ።

ዒድ አለፈ፤ ቅናሹም አበቃ። የሽያጭ ክፍሉ አገልግሎቱን አቋረጠ፤ እኔም ጊዜዬን ጨርሼ ወደ ግቢ ተመለስኩ። ሪፖርቴን ስጽፍ ለስክሪንሾት ብዬ አድራሻውን ከፈትኩት። «እዚህ ምንም ገጽ የለም» የሚል የአገልግሎት ሰጪው መልእክት መጣ። መጀመሪያ ንቄ አለፍኩት። ቆይቶ ግን ደነገጥኩ። የጠፋው ገጹ ብቻ ነው፤ ሪከርዱ አለ። በድርጅቱ ስም የከፈትኩት በር አሁንም ወደዚያ ይጠቁማል፤ ከበሩ ኋላ ግን ማንም የለም።

እንዲህ ካሉ አገልግሎቶች አንዳንዶቹ ስሙ የማን እንደሆነ አጥብቀው አያጣሩም። ሌላ ሰው እዚያው አካውንት ከፍቶ አድራሻውን «የእኔ ነው» ብሎ ቢያስመዘግብ የፈለገውን ገጽ በድርጅቱ ስም ያቆማል። ሰርተፍኬትም ሊያገኝ ይችላል፤ ሰርተፍኬት ሰጪው የሚያረጋግጠው አድራሻውን ማን እንደሚቆጣጠር እንጂ የሰውየውን ታማኝነት አይደለም። «ቅድሚያ ክፍያ በዚህ ሂሳብ አስገቡ» ብሎ ቢጽፍስ? ያንን አድራሻ እንዲያምኑ ሰዎችን ያስለመድናቸው እኛው ነን።

እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። የግምገማ ቅጼ ገና አልተላከም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ትዝ ያለኝ የልጅነት መድረሳዬ ነው። ኡስታዛችን ጠመኔ እንዳመጣ ሰፈር ወዳለው ሱቅ ላኩኝ። «ኡስታዝ ልከውኝ ነው» ስል ባለሱቁ ምንም ሳይጠይቅ በዱቤ ሰጠኝ። በሳምንቱ ማንም ሳይልከኝ ሄጄ ያንኑ ቃል ተናገርኩና ከረሜላ ወሰድኩ። ወሩ ሲያልቅ ሒሳቡ ሲነገራቸው ታወቀ። አልመቱኝም። እጄን ይዘው ሱቁ ድረስ ሄዱና ባለሱቁን «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ራሴ ካልነገርኩህ በስሜ ለማንም እንዳትሰጥ» አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ልጄ፣ ስሜን የሰጠሁህ ለጠመኔው ነበር» አሉኝ።

ያ ሪከርድም እንደኔው ነው። የተላከበት ጉዳይ አልቋል፤ እሱ ግን አሁንም «ድርጅቱ ልኮኝ ነው» እያለ ነው።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ሳልዘጋ ነው የወጣሁት» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «አንተ ብቻ አይደለህም፤ እኔም አላየሁትም» አሉና ስልኩን ሳይዘጉ ፓነሉን ከፍተው ሰረዙት። ከዚያ «ቆይ፣ ሌሎቹንም እንይ» ብለው ዝርዝሩን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። ከእኔ በፊት በሌላ ሰው የተከፈቱ፣ ለምን እንደተከፈቱ የሚያውቅ የሌለ ሁለት ሪከርዶች ተገኙ። ግምገማዬ በታሸገ ፖስታ ስለተላከ ምን ነጥብ እንደሰጡኝ አላውቅም።

ብዙዎቻችን ለዘመድ ሱቅ፣ ለመስጂድ ግንባታ ኮሚቴ፣ ለሰፈር ማኅበር ድረ ገጽ እንሠራለን። ንዑስ ዶሜይን ስትከፍቱ ማን እንዳስከፈተው፣ ለምን ጉዳይ እንደሆነና መቼ እንደሚዘጋ ያን ዕለቱኑ ጻፉ። ስትዘጉ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ መጀመሪያ ሪከርዱን ሰርዙ፣ ቀጥሎ ገጹንና አካውንቱን። መክፈቱን በግማሽ ቀን ተምሬዋለሁ። መዝጋትም የሥራው ክፍል መሆኑን ግን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። የሰው ስም በእጃችን ሲገባ አማና ነው፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ለባለቤቱ ይመለሳል።